የክት

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ዝናቡ አባራ፣
ነገ ሰቃ ላይ ነው የፈረሱ ተራ።
ሳጥኑን ከፈትኩና ካኪውን አወጣሁ፣
ናፍታሊን አራግፌ አልጋ ላይ ዘረጋሁ።
የአባቴ ካፖርት ነው፤ በእኔ ልክ ሊያደርገው
ሰፊውን ትከሻ ሰፊው አጠበበው።
ነዚፍ፣ ሂርማታ ላይ፣ በጠመኔ እያሰመረ፣
መርፌ በከንፈሩ፣ እንዲህ ተናገረ፦
«ሙት አይቀየምም ልኩ ስላጠረ።»

ቦት ጫማዬን ደግሞ የአጂፑ ሊስትሮ
ሁለት ጊዜ ቀባው የነገን ጭቃ ቆጥሮ።
ከሁሉ ቀበቶው! ወርዱ አራት ጣት ሞልቷል፣
ዘለበቱ ነሐስ፣ በሎሚ ተወልውሏል፣
ለእኔ ሲባል በምስማር ሦስት ጊዜ ተበስቷል።
አለንጋም ይዣለሁ።
የቀረኝ ፈረስ ነው።

ሸምሲያ በር ላይ ቆማ፣ ጉንጯን በሳቅ ነፍታ፣
አየችኝ ከጫማ እስከ ባርኔጣ ለአፍታ።
«ፈረሱስ?» አለችኝ።

ፈረሱማ ነበር።
ድሮ በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በፈረሱ ነው፣
አባቴ አባ ቦራ ነበር። ቦራን ግን ሸጥነው፣
እህቴን ምጥ ይዟት ሆስፒታል ያደርን ለት፤
ስሙ ግን አልተሸጠም፣ ተከተለው እስከ ሞት።
እኔ የምነዳው ባጃጅ ነው፣ ከቦዬ ፈረንጅ አራዳ፤
«አባ ባጃጅ መጣ!» ይላሉ ልጆች በሰቃ ሜዳ።

እሑድ።
ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው
ወንዙ ዳር ደርሰው፣ እግር ታጥበው፣ አጥልቀው፣
ድንጋይ እየመረጡ መጡ ጭቃውን ዘለው።
ሽማግሌዎቹ ቡሉኳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው
ስለ ፈረስ ጥርስ ያወራሉ፣ የራሳቸውን ረስተው።
አንዱ ጥቁር መነጽር፣ ዋጋው ተለጥፎበት፣
አንዱ የልጁን ማሊያ፣ ኮት ደርቦበት፤
የቀበሌው ሰው ድምፅ ማጉያ፣ ባትሪው ደክሞበት፣
«ፈረ... ፈረሰ...» ሲል ሜዳው ሳቀበት።
እኔም አውራ ጣቴን ከዘለበቱ ሰካሁ፣
ፈረስ እንዳለው ሰው ሜዳውን ለካሁ።

ያኔ ነው የሆነው።
ሚፍታህ፣ ዐሥራ አራት ዓመቱ፣ ዳማው ላይ እንደወጣ
የግራ እርካቡ ጠፍር ጧ አለ፤ አጎቱ በሩጫ መጣ፣
«ገመድ! ጠፍር! ያለው!» አለ። ሁሉም ኪሱን ዳበሰ፤
ሞባይል ብቻ ነው የወጣው። ባንዲራው ሊወርድ ደረሰ።
እጄ ከእኔ በፊት ያወቀ መሰለኝ፤
ዘለበቱ ተፈታ።
አጎትየው ቋጠረ፣ ሦስቴ ጎትቶ አየና
«ሂድ!» አለው ልጁን፤ ዳማውም ተነሣና

ግልቢያውን ያየሁት በአንድ እጅ ነው።
ግራዬ ሱሪዬን ይዟል፣ ቀኜ አለንጋ ያወዛውዛል፣
ጉሮሮዬ ያለኔ ፈቃድ «ዳማ! ዳማ!» ይላል፤
ጭቃው ካኪው ላይ ሲረጭ እንደ አዝራር ተደረደረ፣
ሁለቴ የተቀባው ቦት አንድ ጊዜ ተቀበረ።
ነሐሱ ግን ብልጭ አለ ከልጁ ቁርጭምጭሚት በላይ፤
ከስንት ዓመት በኋላ፣ እንደገና ፈረስ ላይ።

ሚፍታህን በትከሻ ወሰዱት፤ መንደሩ እየጨፈረ ዋለ፤
ዳማውን አጎቱ ሳበ፣ ቀበቶው እንደተንጠለጠለ።
«መልሱልኝ» ልል ነበር። አፌ እሺ አላለ።
የጆንያ ሲባጎ ከባለ ሸንኮራው ለመንኩ፣
በዚያው ወገቤን አስሬ ሚኒባስ ላይ ተሰቀልኩ።

ሸምሲያ በሩን ከፈተች፤ ዓይኗ ወገቤ ላይ ቀረ።
«ቀበቶህስ?» አለች፣ «ይሄ ሲባጎስ የምን ጣጣ?»

«ሦስተኛ ወጣ።»